የተከሳሽ ጠበቃ የወንጀል ወዳጅ ነውን?

ሰው ከሚተዳደርባቸው የሥራ ዓይነቶች መካከል እንደ ተከሳሽ ጠበቃ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚፈለግና የሚነቀፍ ያለ አይመስለኝም። ሰው በሰላም ውሎ በሰላም ሲገባ ጠበቃን «ነጩን ጥቁር የሚል ምላሰኛ» እያለ ያማዋል፤ ልጁ ወይም ወንድሙ የተከሰሰ ዕለት ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ደጁን ይጠናል። ሐኪምን ስለ ታካሚው ክፋት የሚወቅሰው የለም። የጠበቃ ነገር ግን ልዩ ነው፤ የቆመለት ሰው ኃጢአት ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆጠርበታል። በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ አሳቤን እንድገልጽ ዕድል ስለ ተሰጠኝ፣ ይህ አመለካከት ትክክል መሆን አለመሆኑን ከአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍና ከአገራችን ታሪክ ጋር እያመዛዘንሁ ለማቅረብ እወዳለሁ።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ማይክል ኮኔሊ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ሊንከን ሎየር» የተባለው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው መጽሐፍ መድረስ ከመጀመሩ አስቀድሞ የወንጀል ዜና የሚጽፍ ጋዜጠኛ ስለ ነበረ የፖሊስ ጣቢያውንና የፍርድ ቤቱን ጓዳ ጠንቅቆ ያውቃል። የመጽሐፉ ዋና ሰው ሚኪ ሃለር የሚባል የተከሳሾች ጠበቃ ነው። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ሰፊ፣ ፍርድ ቤቶቹም የተራራቁ ስለሆኑ፣ ይህ ሰው ሊንከን የተባለውን አውቶሞቢል የኋላ ወንበር ጽሕፈት ቤቱ አድርጎ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲዞር ይውላል። መኪናውን የሚነዳለትም ቀድሞ ጠበቃ ሆኖ የቆመለት፣ የጥብቅናውን ዋጋ በገንዘብ መክፈል ቢያቅተው በጉልበቱ የሚከፍል ሰው ነው። የመጽሐፉ ርእስ የመጣው ከዚህ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊልም ሆኖ ለሕዝብ ታይቷል።

ሃለር ደንበኞቹ ንጹሓን ናቸው ብሎ አያምንም፤ ስለዚህም «አድርገኸዋል ወይስ አላደረግኸውም?» ብሎ አይጠይቅም። ሥራዬ ነው የሚለው የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ መፈተሽ፣ ቀዳዳ ካገኘበት ማስፋት፣ ካላገኘበትም ቅጣቱ እንዲቀልል መደራደር ነው። አንድ ቀን ሉዊ ሩሌ የተባለ ባለጸጋ ወጣት አንዲት ሴት ደብድበሃል ተብሎ ይያዝና ጠበቃ እንዲሆነው ይጠራዋል። ሃለርም ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር መጣልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን መዝገቡን እያገላበጠ ሲመረምር፣ ከዚያ በፊት ጠበቃ ሆኖ የቆመለትን ሄሱስ ሜነንዴዝ የተባለውን ድኻ ያስታውሳል። ይህ ሰው አንዲት ሴት ገድለሃል ተብሎ ተከሶ አልገደልሁም እያለ ሲምልና ሲገዘት፣ ሃለር የማስረጃውን ክብደት ብቻ አይቶ ክሱን አምኖ ከሞት ፍርድ እንዲያመልጥ መክሮት ነበር። ድኻውም ምክሩን ሰምቶ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በሳን ክዊንቲን ወህኒ ቤት ተዘግቶ ይኖራል።

ሃለር የሁለቱን ሴቶች ቁስል ሲያስተያይ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ የታሰረው ድኻ ንጹሕ፣ ገዳዩም አሁን ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ደንበኛው መሆኑን ይረዳል። ከዚህም የከፋው፣ ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ እውነቱን እያወቀ አፉ ተለጉሞ መቅረቱ ነው። ከዚህ ወጥመድ እንዴት እንደ ወጣ አልናገርም፤ መጽሐፉን ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ደስታውን ላጎድልበት አልፈቅድምና።

ብዙ አንባቢ ይህን መጽሐፍ የሚወደው ልብ አንጠልጣይ ስለሆነ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የጠበቃው ጥፋት የት ላይ እንደ ነበር ማሳየቱ ነው። ሰው እንደሚያስበው ቢሆን ኖሮ የሃለር ጥፋት ለወንጀለኛ መሟገቱ በሆነ ነበር። መጽሐፉ ግን ተቃራኒውን ያስረዳል፤ ሃለር የበደለው ለሜነንዴዝ ሳይሟገትለት በቀረ ጊዜ ነው። እንደ ማንኛውም የመንገድ ሰው «ያለ ምክንያት የሚከሰስ የለም» ብሎ አሰበ፤ ማስረጃውን ሳይፈትሽ ደንበኛውን አሳመነ። ከዚህ የተነሣ አንድ ንጹሕ ሰው ታሰረ፤ ሕዝቡም ገዳዩ ተያዘ ብሎ ተኛ፤ እውነተኛው ገዳይ ግን ሱፉን ለብሶ ሲንሸራሸር ቆይቶ ሌላ ሴት አጠቃ። ጠበቃው ሥራውን ቢያጓድል የሚጎዳው ተከሳሹ ብቻ እንዳልሆነ፣ ገና ያልተበደሉትም እንደሚበደሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ለየካ ልጅ ምኑ ነው የሚል ጠያቂ አይታጣም። በእኔ አስተያየት ብዙ ነገሩ ነው። በአገራችን በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ ክሱ ለተከሳሹ ከተነበበለት በኋላ ዳኛው የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠይቀዋል። ተከሳሹ በክሱ የተጻፈውን ሁሉ ያለ አንዳች ገደብ ያመነ እንደሆነ፣ በአንቀጽ 134 መሠረት ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ነው ብሎ ሊወስንበት ይችላል። ዳኛው ከፈለገ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን እንዲያሰማ ለማዘዝ ሥልጣን አለው፤ ይሁን እንጂ ከተከሳሹ አፍ የወጣችው አንዲት «አዎን» የነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ ልትሆን ትችላለች። ሜነንዴዝን ለዕድሜ ልክ እስራት ያበቃችው ቃል በእኛም ችሎት አለች ማለት ነው።

ይህን ከልማዳችን ጋር እናስተያየው። እኛ ያደግነው ይቅርታ መጠየቅ ትልቅነት ነው እየተባልን ነው። ሁለት ጎረቤቶች ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በሚገባ ሳይጣራ ታናሹ ከታላቁ እግር ላይ ይወድቃል፤ «ምንም ቢሆን አጥፍቻለሁ፣ ማረኝ» ይላል፤ እርቅ ይወርዳል። ይህ ለጎረቤት ኑሮ ደግ ነገር ነው፤ ጸንቶ እንዲኖርም እመኛለሁ። ነገር ግን ይኸው ሰው ይህንኑ ትሕትና ይዞ ከዳኛ ፊት የቀረበ እንደሆነ፣ ምሕረት ያስገኝልኛል ብሎ የተናገራት ቃል በመዝገብ ላይ የክስ ማመኛ ሆና ትጻፍበታለች። በሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት አክብሮት ነው፤ በችሎት ፊት ግን ማስረጃ ነው። ያልተማረ ሰው፣ ያውም የፈራ ሰው፣ ይህን ልዩነት በምን ያውቀዋል? ይህን የሚነግረው ከአጠገቡ የቆመ ጠበቃ ነው።

ስለዚህም አንድ የአማርኛ ደራሲ በየካና በእንጦጦ ላይ የተመሠረተ የተከሳሽ ጠበቃ ታሪክ ቢጽፍልን ብዬ ዘወትር እመኛለሁ። ለምሳሌ ያህል ይህን እናስብ። ለረዥም ዘመን ብዙ ድኻ ሴቶች ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው፣ ወደ ፈረንሣይ ለጋሲዮንና ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረዱ በመሸጥ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። እንግዲህ ከእነዚህ አንዲቱ በሐምሌ ወር ማለዳ ከነሸክሟ ተይዛ፣ ከጥብቁ ደን የቆሙ ባሕር ዛፎች ቆርጠሽ ሰርቀሻል ተብላ ተከሰሰች እንበል። ዳኛው ክሱን አስነብቦ ቃሏን ሲጠይቃት፣ መሬት መሬት እያየች «አዎን ጌታዬ፣ ከጫካው ገብቻለሁ፤ ለልጆቼ ብዬ ነው፤ ይማሩኝ» ትላለች።

ያመነችው ምኑን ነው? ቅጠል መልቀሟን ነው እንጂ ዛፍ መቁረጧን አይደለም። ነገር ግን የሚጠይቅላት ከሌለ «አዎን» ያለችው በመዝገቡ ላይ ለሁሉም ይተርፋል። አሁን ከአጠገቧ አንድ ጠበቃ ተነሥቶ ቃሏ እንዲስተካከል ያመለክታል፤ ተከሳሽዋም ክሱን እንደ ካደች ይመዘገባል። ከዚያም ጠበቃው የዐቃቤ ሕግን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይይዘዋል። የተቆረጡት ግንዶች ውፍረታቸው ስንት ነበር? ስንት ግንድ ጠፋ? አንዲት ሴት በአንድ ጀርባ ስንቱን ልትሸከም ትችላለች? መጥረቢያው የት ተገኘ? በሸክሟ ውስጥ የተገኘው ጭራሮ ነው ወይስ ግንድ? ጉቶው ሲታይ ቁርጡ እርጥብ ነበር ወይስ ደርቆ ከርሟል? የሐምሌ ጉም በእንጦጦ ላይ በተኛበት ሰዓት ምስክሩ ስንት ክንድ ርቆ ቆሞ ነው ፊቷን የለየው?

ከነዚህ ጥያቄዎች አንዳቸውም ውሸት የለባቸውም፤ አንዳቸውም ነጩን ጥቁር አይሉም። እያንዳንዱ ጥያቄ እውነቱን አንድ እርምጃ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ካበቁ በኋላ ክሱ ያልተረጋገጠ ሆኖ ከተገኘ፣ በአንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሽዋ መከላከያዋን እንኳ ሳታሰማ በነጻ ልትሰናበት ትችላለች። ካልሆነም «ተከላከዪ» ትባላለች። በሕዝብ አፍ «ተከላከል ተባለ» ሲባል ብዙ ሰው የተፈረደበት ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን አሁን ደግሞ የአንተን ወገን እንስማ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በመልካም ብዕር ቢጻፍ ከሎስ አንጀለሱ ባለ መኪና ጠበቃ ታሪክ የሚያንስ አይመስለኝም። ሌባው ማን ነበር የሚለውን ለማወቅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብ አንባቢም አይጠፋም።

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለአማርኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ በዚህ ዓይነት ድርሰት ከሚታወቁት ቀደምት ደራሲዎቻችን አንዱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1974 ዓ.ም. ያወጡትን ልብ ወለድ «ወንጀለኛው ዳኛ» ብለው ሰይመውታል። መርማሪውንና ዳኛውን በመጽሐፎቻችን ውስጥ እናውቃቸዋለን፤ ከተከሳሹ ጎን የሚቆመውን ሰው ግን ገና በሚገባ አልተዋወቅነውም።

ክርክር ለአገራችን ሰው ባዕድ ሆኖበት ነው እንዳይባል፣ እንደ እኛ ሕዝብ ክርክር የሚወድ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ አስቀድሞ የምኒልክ መናገሻ እንጦጦ ነበረ። በዚያ ዘመን በአገራችን ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ በትራቸውን እየሰበቁ፣ በግጥምና በምሳሌ ይከራከሩ ነበር። በማርና በፈረስ፣ በበቅሎም ይወራረዱ ነበር። የተጣሉ ሰዎች በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አስቁመው «ዳኘን» ቢሉት ተቀምጦ ይሰማቸው ነበር። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ አንደበተ ርቱዑ ሲረታ፣ ኮልታፋው እውነት ይዞ ይሸነፍ ነበር።

ማስረጃ የመፈለጊያው መንገድም አንዳንዴ አስፈሪ ነበር። ስርቆት በተፈጸመ ጊዜ «ሌባ ሻይ» ይጠራ ነበር፤ ይኸውም አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ስቶ ይሮጥና ከገባበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው የሚባልበት ልማድ ነው። አውጫጭኝም ነበረ፤ የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ልጁ ከደጁ የወደቀበት ምስኪን «ይህ ልጅ ለምን ከእኔ ቤት መጣ? ማን ላከው? ምን አጠጣችሁት?» ብሎ የሚጠይቅለት ጠበቃ ቢኖረው ኖሮ ስንቱ ከግርፋትና ከዕዳ በዳነ! ዛሬ ሌባ ሻይ ቀርቷል። ነገር ግን ሰው በገበያ መካከል «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሳይጠይቅ ድንጋይ የሚያነሣው ሁሉ የዚያ ልማድ ወራሽ ነው እላለሁ። በሾላ ገበያ ኪሱ የተዳበሰ ሰው ቢጮኽ የሚሮጠው ሁሉ ሌባ ይመስላል፤ ከሚሮጡት መካከል ግን ታክሲ ሊያመልጠው የፈራ ተማሪም ሊኖር ይችላል።

በቅርቡ ታሪካችን ደግሞ ያለ ጠበቃና ያለ ፍርድ መቅጣት ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን፣ ከእነርሱም አብዛኛዎቹን የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣኖች፣ ክስ ሳይነበብላቸውና አንድ ምስክር ሳይሰማባቸው በአንድ ሌሊት ገደለ። ከመካከላቸው ማን ምን ያህል አጥፍቶ እንደ ነበር በችሎት ሊመረመር ይችል ነበር፤ በጥይት ግን ምርመራው ለዘለዓለም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ቀይ ሽብር ስንቱን ወጣት እንደ በላ ወላጆቻችን ያውቃሉ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የደርግ ባለሥልጣኖች ራሳቸው ተከሳሽ ሆኑ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ የጥፋተኛነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ 12 ዓመት ሙሉ መሆኑ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ላልነበራቸው ተከሳሾች መንግሥት ጠበቃ አቁሞላቸዋል። በዚያን ጊዜ «እነርሱ ለገደሏቸው ማን ጠበቃ አቆመላቸው?» ያለ ሐዘንተኛ ቢኖር የሚፈረድበት አይደለም። የሐዘኑን ጥልቀት እረዳለሁ። ነገሩም እጅግ ዘግይቷል ቢባል እውነት ነው። ሆኖም እኔ የምለው፣ በ1967 ዓ.ም. ከተፈጸመው ሥራ የ1987ቱ ችሎት የተሻለበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ በዚህኛው የተጠላው ሰው እንኳ የሚናገርለት ነበረው። ስለዚህም በየችሎቱ የተሰማው የምስክር ቃልና የቀረበው ሰነድ ተፈትኖ ለታሪክ ቀረ። አባቶቻችን ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦ በፍርድ የሄደች በቅሎ ትሻላለች ማለታቸው ይህንኑ ነው።

ጠበቃ ለደካማ ሲቆም ደግሞ ምን እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ፣ የ14 ዓመት ዕድሜ ያላት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። ጠላፊው ከደፈራት በኋላ ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ ተከትሎ ደረሰባት፤ እርስዋም ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በብዙ ሰው ዘንድ ጠለፋ የቆየ ልማድ፣ የእርስዋ ተኩስ ግን ያልተሰማ ድፍረት ነበረ። የሟች ወገኖችም ደም ፈላጊዎች ነበሩ። ከአንድ ዓመት በፊት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ፤ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጠበቃ ሆነው ቆሙላት። ልጅቱ መግደሏን አልካደችም፤ ክርክሩ ራስዋን ለማዳን ያደረገችው ሕጋዊ መከላከል ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱም ይህን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት።

እነሆ፣ «ገድያለሁ» በማለትና «ጥፋተኛ ነኝ» በማለት መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ተማሪ ሕይወት ያህል ነበር። ይህን ልዩነት ለችሎት ያስረዳው ጠበቃ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ያገባት እንደሆነ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር። ማኅበሩና ሌሎችም ይህ እንዲለወጥ ብዙ ደከሙ፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶ ሴትን በመጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደነገገ። የልጅቱ ታሪክ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ አዘጋጅነት «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆኖ በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ታየ። ጠበቃዋም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። «ጠበቃው በብልኃቱ እውነተኛውን ወንጀለኛ ቢያስለቅቅስ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የተበደለ ሰው በዳዩ በነጻ ሲወጣ ማየቱ መራራ ነው። ነገር ግን ወንጀለኛው የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ ምርመራው ጎድሎ፣ ምስክሩ ሳይጠና፣ ማስረጃው ሳይሰበሰብ ሲቀር ነው። የዚህ መድኃኒቱ መርማሪውንና ዐቃቤ ሕጉን ማሠልጠን ነው እንጂ የጠበቃውን አፍ መዝጋት አይደለም። ወርቅ በእሳት ሲፈተን ቢጠቁር ጥፋቱ የእሳቱ ሳይሆን በወርቅ ስም የመጣው የመዳብ ነው። በጠበቃ ጥያቄ የሚፈርስ ክስም እንደዚሁ ነው። በጠበቃ ተፈትኖ የጸና ፍርድ ሲገኝ ግን የተበደለው ሰው ልቡ ያርፋል፤ ይግባኝ እንኳ ቢባልበት አይናወጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለወጣት ተንኮል ያስተምራሉ» የሚል ነው። ሃለርን ቅዱስ አድርጌ አላቀርበውም። ገንዘብ ይወዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሕጉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይንጠራራል። ምስክር የሚገዛ ወይም ሰነድ የሚፈጥር ጠበቃ ቢኖር በሕግ የሚጠየቅ ወንጀለኛ ነው፤ ስለ እርሱ የምከራከርለት የለኝም። አንባቢ ግን መጽሐፉን ሲዘጋ የሚቀርበት ተንኮሉ ሳይሆን በወህኒ ቤት ተዘግቶ የሚኖረው የሜነንዴዝ ፊት ነው። ለወጣት ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች መብት ሲደነግግ፣ ተከሳሽ በግልጽ ችሎት የመዳኘት፣ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር፣ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ከመስጠቱም በላይ፣ ለመክፈል አቅም ባይኖረውና ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዝዛል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ለዚሁ የቆመ ነው። መብቱ ተጽፏል። ነገር ግን መብት የተጻፈለት ሰው መጻፉን ካላወቀ፣ ዶሴው ውስጥ እንደ ተረሳ ገንዘብ ነው። የእንጦጦዋ እንጨት ለቃሚ በዳኛ ፊት ስትቆም «ጠበቃ ይቁምልኝ» ማለት እንደምትችል ማን ነገራት?

እዚህ ላይ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ይመጣል። በክፍለ ከተማችን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የየካ ምድብ ችሎት አለ፤ በሕግ ተለይተው በዝግ ከሚታዩት ጉዳዮች በቀር ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሥነ ዜጋ መምህሮቻችን በዓመት አንድ ቀን እንኳ ይዘውን ቢሄዱ፣ በመጽሐፍ ያነበብነውን በዓይናችን እናየው ነበር። በትምህርት ቤታችንም ምስለ ችሎት እንዲቋቋም አሳብ አቀርባለሁ፤ አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱም ተከሳሽ ሆኖ ይለማመድ። በተለይ ክሱን የሚወድ ተማሪ ጠበቃ እንዲሆን፣ ጥብቅናውን የሚወድም ዐቃቤ ሕግ እንዲሆን ቢደረግ የሌላውን ወገን ማሰብ ይማራል። በክፍል ውስጥ ስልክ ወይም ደብተር ጠፍቶ አንድ ተማሪ ሲጠረጠርም፣ ሁላችን በአንድ አፍ ከመፍረዳችን በፊት አንዱ ተነሥቶ «ማን አየ? መቼ አየ? ከየት ሆኖ አየ?» ብሎ ይጠይቅለት። ይህን የሚጠይቅ ልጅ የሌባ ወዳጅ ተብሎ ሊሰደብ ይችላል። ስድቡን ችሎ ይቁም፤ ነገ እርሱ ራሱ ያለ ጥፋቱ በተጠረጠረ ጊዜ የሚጠይቅለት የሚያገኘው፣ ዛሬ ይህን ልማድ ያቆመ እንደሆነ ነውና።

የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚናገራት አንዲት ቃል አለች። ሁለት ሰዎች በጠብ ሲያያዙ፣ አንዱ ዱላ ባነሣበት ቅጽበት «በሕግ አምላክ!» ይባላል፤ የተነሣውም እጅ በአየር ላይ ይቆማል። ያንን ቃል የሚሰማ ሰው «ይህ ሰው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይቆማል፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ ይታያል። እንግዲህ የተከሳሽ ጠበቃ ሥራ ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ይህንኑ ቃል በችሎት ፊት በአንቀጽና በማስረጃ ዘርዝሮ መናገር ነው ብዬ እመልሳለሁ። ደራሲዎቻችን ይህን ሰው በአማርኛ ያስተዋውቁን፤ እኛም ከወንድሞቼና ከእኅቶቼ ተማሪዎች መካከል የሕግን ትምህርት ለመከታተል የሚያስቡ ሁሉ፣ ክብሩ በዳኛው ወንበር ላይ ብቻ ሳይሆን ከተከሳሹ አጠገብ ባለው ወንበርም ላይ መኖሩን አንርሳ።